ፍሬን፣ ጎማና ርቀት፦ የአዳማ አሽከርካሪዎች ላቀረቧቸው ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ቀድሞ በጋራዥ በፍሬን ሥራ ላይ፣ ኋላም በአዳማ በአሽከርካሪዎች አሠልጣኝነት የቆየሁ በመሆኔ፣ አሽከርካሪዎች በዚህ ጉዳይ የሚከነክናቸውን ሁሉ እንዲጠይቁኝ ጋብዤ ነበር። ከቀረቡት ጥያቄዎች የሚበዙት የሚነሡት ፍሬን መኪናን ያቆማል ከሚለው እምነት ነው። ፍሬን የሚያቆመው የጎማውን መሽከርከር ብቻ ነው። መኪናውን የሚያቆመው ጎማው አስፋልቱን ቆንጥጦ የሚይዝበት፣ ስፋቱ ከአንድ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ ቦታ ነው። መልሶቼም በዚሁ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

ጥያቄ፦ በየሳምንቱ በክፍያ መንገዱ ወደ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። በ100 ስነዳ ከፊቴ ካለው መኪና ምን ያህል ልራቅ?

መልስ፦ በሜትር መገመት ለዓይን አስቸጋሪ ስለሆነ በሰከንድ ይለኩት። ከፊትዎ ያለው መኪና አንድ ምሰሶ ወይም ምልክት ሲያልፍ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት፣ አንድ ሺህ ሦስት» ብለው ይቁጠሩ። ቆጥረው ሳይጨርሱ እርስዎም እዚያው ከደረሱ በጣም ተጠግተዋል ማለት ነው። ሁለት ሰከንድ በደረቅ መንገድ የመጨረሻው ዝቅተኛ ልክ ነው። እኔ ግን ሦስት ሰከንድ እመክራለሁ፤ በዝናብ ደግሞ አራትና ከዚያ በላይ።

ምክንያቱን በቁጥር ላሳይዎ። በ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አደጋውን ዓይተው እግርዎ ከነዳጅ መስጫው ተነሥቶ ፍሬኑን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢወስድ፣ ፍሬኑ ገና ሥራውን ሳይጀምር 42 ሜትር ያህል ሄደዋል። ከዚያ በኋላ በደረቅና በጥሩ አስፋልት ለመቆም 56 ሜትር ገደማ ያስፈልግዎታል። በ50 ቢሆን ኖሮ ይህ የመጨረሻው ርቀት 14 ሜትር ብቻ ይሆን ነበር፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የፍሬኑ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናልና።

ሠልጣኞቼን ሁልጊዜ የሚያስደነግጣቸው ግን ሌላ ስሌት ነው። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን እየሄዱ፣ አንዱ በ60 ሌላው በ80፣ ከፊታቸው አንድ ሕፃን ወደ መንገዱ ገባ እንበል። ሁለቱም እኩል ቢያዩና እኩል ቢረግጡ፣ በ60 የሚሄደው 45 ሜትር ላይ ይቆማል። በ80 የሚሄደው ግን በዚያው ቦታ ላይ ሲደርስ ገና 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት አለው። በከተማ ውስጥ «ሃያ ብትጨምር ምን አለበት?» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ይህን ስሌት እነግረዋለሁ።

ጥያቄ፦ ርቀት ስጠብቅ ሚኒባሶቹ ክፍተቱን እየሞሉ ይገቡብኛል። ታዲያ ምን ዋጋ አለው?

መልስ፦ ይግቡ። አንድ መኪና ሲገባብዎ እግርዎን ከነዳጅ ትንሽ አንሥተው ክፍተቱን መልሰው ይሥሩት። የሚያጡት ጊዜ በአንድ መኪና ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ነው። ከአዳማ ሞጆ እስኪደርሱ ድረስ አሥር መኪና ቢገባብዎ እንኳ የዘገዩት ግማሽ ደቂቃ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ባጃጅ ነው የምነዳው። መታጠፊያ ላይ ፍሬን ስይዝ ልትገለበጥ ትሞክራለች። ችግሩ ፍሬኑ ነው?

መልስ፦ ችግሩ ፍሬኑ አይደለም ልጄ፤ የፍሬኑ ሰዓት ነው። ባጃጅ ከፊት አንድ ጎማ ብቻ ያላት በመሆኑ እየታጠፍክ ፍሬን ስትይዝ ክብደቷ ሁሉ ወደ ፊትና ወደ ውጭው ጎን ይሄዳል፤ በዚያ በኩል ደግሞ የሚደግፋት ጎማ የለም። ስለዚህ ፍጥነትህን ቀጥ ብለህ ሳለህ፣ ገና ሳትታጠፍ ቀንስና በምትታጠፍበት ጊዜ ፍሬኑን ልቀቅ። ከኋላ ሦስት ሰው ጭነህ ከሆነ ደግሞ ከወትሮው ቀደም ብለህ ጀምር።

ጥያቄ፦ ክረምት ሲገባ ከሁሉ የሚያሰጋው ከባዱ ዝናብ ነው ወይስ ካፊያው?

መልስ፦ ሁለቱም ያሰጋሉ፤ ነገር ግን ሰው የሚንቀው የመጀመሪያውን ካፊያ ነው። በበጋው ወራት በአዳማ ነፋስ የተነሣው አቧራ፣ ከከባድ መኪኖች የሚንጠባጠበው ዘይትና ከጎማ የሚፋቀው ላስቲክ በአስፋልቱ ላይ ተደላድሎ ይቆያል። ከጅቡቲ የሚመላለሱት ተሳቢዎች በሚያልፉበት መንገድ ላይ ይህ ይበረታል። ጥቂት ውኃ ሲነካው ቅባት ይሆናል እንጂ አይታጠብም፤ ለመታጠብ ደህና አድርጎ መዝነብ አለበት። በካፊያው የመጀመሪያ ደቂቃዎች ፍጥነትዎን ይቀንሱ፣ መሪውንም ፍሬኑንም በዝግታ ይጠቀሙ።

በከባዱ ዝናብ ያለው አደጋ የተለየ ነው። ውኃ በተኛበት መንገድ ላይ በፍጥነት ሲሄዱ የጎማው ጥርስ ውኃውን አስወጥቶ መጨረስ ካልቻለ ጎማው በውኃው ላይ ይንሳፈፋል። መሪው ድንገት ቀለል ካለብዎ ይህ ደርሶብዎታል፤ ፍሬን አይርገጡ፣ መሪውንም አይጠምዝዙ፣ እግርዎን ከነዳጅ አንሥተው ቀጥ አድርገው ይያዙ። ጥርሱ ባለቀ ጎማ ይህ በዝቅተኛ ፍጥነትም ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ኤቢኤስ ያለው መኪና ገዛሁ። በኃይል ስረግጥ ፔዳሉ እግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል። ልልቀቀው?

መልስ፦ በፍጹም አይልቀቁት፣ እህቴ። ያ መንቀጥቀጥ ጎማዎቹ እንዳይቆለፉ ሥርዓቱ ፍሬኑን በፍጥነት እየያዘና እየለቀቀ መሆኑን ያመለክታል። የእርስዎ ድርሻ እስከ መጨረሻው ረግጠው መያዝና ክፍት ወደሆነው ቦታ መምራት ነው። የኤቢኤስ ትልቁ ጥቅም ፍሬን እየያዙ መታጠፍ ማስቻሉ ነው፤ የተቆለፈ ጎማ መሪ አይሰማምና። ነገር ግን በልቅ ጠጠርና በአሸዋ ላይ ለመቆም የሚወስደውን ርቀት ሊያረዝመው ስለሚችል፣ ከአስፋልት ወጥተው በፒስታ ሲነዱ በእርሱ አይተማመኑ።

ጥያቄ፦ ከአሰላ ወደ አዳማ ስወርድ ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ (ማርሽ ሳላስገባ) እለቀዋለሁ። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው፤ ነዳጅም አይቆጥብም። አሰላ ከአዳማ ከ700 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ በኢተያና በዴራ በኩል ሲወርዱ ያንን ሁሉ ቁልቁለት የሚሸከመው አንድ ነገር መኖር አለበት። ማርሽ ካላስገቡ የሚሸከመው ፍሬኑ ብቻ ይሆናል። የፍሬኑ ሸማ (ተፋትጎ ጎማውን የሚይዘው ክፍል) ይግላል፣ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ወደ ፍሬን ዘይቱ ይዛመታል። የቆየ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የመጠጠ ስለሆነ ቶሎ ይፈላል፤ ሲፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት ስለሚታመቅ ፔዳሉ ያለ ምንም ኃይል ወደ ታች ይሰምጣል። «ፍሬኑ እምቢ አለው» ከሚባሉት አደጋዎች ውስጥ እንዲህ የሚጀምሩ አሉ።

በኢንጀክሽን የሚሠሩ መኪኖች ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ ሲነሣ ለሞተሩ የሚሰጠውን ነዳጅ ይቆርጣሉ፤ በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መስጠታቸውን ይቀጥላሉ። ስለዚህ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ አስገብተው ይውረዱ፤ አውቶማቲክ ከሆነ በ2 ወይም በኤል። ፍሬኑን ሳያቋርጡ ከመርገጥ ይልቅ ጠበቅ አድርገው ፍጥነቱን ቀንሰው ይልቀቁት፤ በመካከሉ እንዲበርድ።

ጥያቄ፦ ሙቀት ስለሚበዛ ወደ መተሐራ ስሄድ የጎማውን ነፋስ እቀንሳለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ልክ አይደሉም፤ ይህ ልማድ ሕይወት ያስከፍላል። ነፋሱ ያነሰ ጎማ በሚሽከረከርበት ጊዜ ጎኑ እየታጠፈና እየተዘረጋ ይሄዳል፤ ይህ መተጣጠፍ ከአስፋልቱ ሙቀት የበለጠ ያግለዋል፣ በመጨረሻም ያፈነዳዋል። ልኩ በሹፌሩ በር ወይም በበሩ ምሰሶ ላይ ተጽፎአል። ጎሚስታ ጋ ሲሄዱ ጎማው ሳይግል፣ በጠዋት ያስለኩ። ያገለገለ ጎማ የሚገዙ ከሆነ ደግሞ በጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ይመልከቱ፦ 3517 ካለ በ2017 እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢመስልም ላስቲኩ አርጅቶ የደረቀ ጎማ መንገድ አይይዝም።

ጥያቄ፦ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ቢወርድብኝስ?

መልስ፦ ደጋግመው በፍጥነት ይርገጡት፤ አንዳንዴ ግፊቱ ይመለሳል። ማርሹን አንድ በአንድ ይቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑንም ቁልፉን ተጭነው ይዘው ቀስ በቀስ ይሳቡ፤ ባንዴ ከሳቡት የኋላው ጎማ ተቆልፎ መኪናው ይዞራል። ሞተሩን አያጥፉ፤ መሪው ይከብዳል፣ የሞተሩ ቁልፍ ከወጣም ይቆለፋል።

ጥያቄ፦ ሲኖትራክ ከኋላዬ ተጠግቶ ሲመጣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከፊትዎ ያለውን ርቀት ይጨምሩ። የአየር ፍሬን የሚሠራው አየሩ በቱቦ ተጉዞ ጎማዎቹ ጋ ሲደርስ በመሆኑ ከባድ መኪና ዘግይቶ ይይዛል፣ ጭነቱም በቶሎ እንዲቆም አይፈቅድለትም። እርስዎ ቀደም ብለው በዝግታ መቀነስ ከቻሉ እርሱም ጊዜ ያገኛል። የፍሬን መብራትዎ መሥራቱን በየጊዜው ሰው አቁመው ያረጋግጡ፤ ሲቻልዎም መንገድ ሰጥተው ያሳልፉት።

ጥያቄ፦ ፍሬን ስይዝ መኪናው ወደ ቀኝ ይጎትታል።

መልስ፦ በመጀመሪያ የሁለቱን የፊት ጎማዎች ነፋስ ያስለኩ። እኩል ከሆነ ጥቂት ነድተው ይቁሙና እጅዎን ወደ ቸርኬዎቹ አስጠግተው፣ ሳይነኩ፣ ሙቀታቸውን ያነጻጽሩ። የቀኙ ከግራው እጅግ ከጋለ በዚያ በኩል ሸማው ሳይለቅ እየተፋተገ ነው፤ የግራው ከቀዘቀዘ ደግሞ የግራው ፍሬን አይሠራም ወይም ሸማው ዘይት ነክቶታል። በሁለቱም ሁኔታ ወደ ጋራዥ ሳይወስዱ ከከተማ አይውጡ።