ውፍረት የለኝም፣ ኮሌስትሮሌ ግን ከፍ ብሏል

ጥያቄ፦ 46 ዓመቴ ነው። ክብደቴ ልከኛ ነው፤ ሲጋራም አላጨስም። በቅርቡ ደሜን ስመረመር አጠቃላይ ኮሌስትሮሌ 232፣ ኤልዲኤል (መጥፎው ኮሌስትሮል) 158፣ ኤችዲኤል (ጥሩው ኮሌስትሮል) 44፣ ትራይግሊሰራይድ (ሌላው የደም ስብ) 150 ሆኖ ተገኘ። የደም ግፊቴ 138/86 ነው። አባቴ በ52 ዓመቱ በድንገተኛ የልብ ሕመም ሞቷል። እኔን ምንም አያመኝም። መድኃኒት መጀመር አለብኝ?

መልስ፦ ከጻፉልኝ ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ የአባትዎ ዕድሜ ነው። አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመቱ በፊት፣ እናት ወይም እህት ከ65 ዓመቷ በፊት በልብ ሕመም ከተያዙ የልጆችና የእህት ወንድሞች ስጋትም ከፍ ይላል።

ክብደትዎ ልከኛ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ግን አያዘናጋዎት። አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው ጉበት ስለሆነ ቀጭን ሰውም ከፍ ሊልበት ይችላል። ጉዳት የሚያደርሰው ኤልዲኤል ነው። የደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ ይገባና እዚያው ይከማቻል፤ ዓመታት እየቆጠረ ቧንቧውን ያጠብበዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ምንም ላይሰማው ይችላል። ከዚያ አንድ ቀን የተከማቸው ስብ ሽፋኑ ይቀደዳል፤ በላዩ ደም ይረጋና መንገዱን ይዘጋል። የተዘጋው የልብ ቧንቧ ከሆነ ልብ ይጎዳል፤ የአንጎል ከሆነ ስትሮክ ይመጣል። ስለዚህ አለማመምዎን እንደ ጤንነት ማረጋገጫ አይውሰዱት።

ኤልዲኤል 190 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱን ያለ ብዙ ክርክር እመክርዎ ነበር። 158 ላይ ግን የሚወስነው የሌላው ሁሉ ድምር ነው፦ ዕድሜ፣ ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ ቤተሰብ። የስኳር ምርመራዎን አልነገሩኝም፤ ያሠሩት። ግፊትዎንም በተለያዩ ቀናት ደጋግመው ይለኩ። እስከዚያው የእንስሳት ስብንና ቅቤን ቀንሰው በፈሳሽ የአትክልት ዘይት ይተኩ፤ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ።

በአባትዎ ምክንያት እኔ ወደ መድኃኒቱ አደላለሁ። ስታቲን የሚባሉት መድኃኒቶች እንደ ዓይነታቸውና መጠናቸው ኤልዲኤልን ከ30 እስከ 50 በመቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀንሳሉ። የመጨረሻውን ውሳኔ ግን አካልዎን ከሚመረምረው ሐኪም ጋር ያድርጉ። ከጀመሩ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ደምዎ እንደገና ይታያል። ጡንቻዎን ካመመዎት በራስዎ አያቋርጡ፤ መጠኑን መቀነስ ወይም በሌላ መቀየር ይቻላልና ለሐኪምዎ ይንገሩ። ሽንትዎ ከጠቆረ ወይም ሕመሙ ከበረታ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሕክምና ይሂዱ።

ወንድም ወይም እህት ካለዎት ደግሞ ዛሬውኑ ይንገሯቸው፤ እነሱም ይመርመሩ።