ሰው ፊት መናገር ለሚያስጨንቃችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከወሎ የደረሱኝ ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፤ ሰው ፊት ቆሞ መናገር። በቀጥታ ወደ ጥያቄዎቹ።

ጥያቄ፦ ደሴ የምማር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን የማቀርብበት ቀን ደርሷል። ክፍል ውስጥ ስጠየቅ እንኳ ልቤ ይመታል፣ አፌ ይደርቃል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። መፍራቴን ሁሉም የሚያዩብኝ ይመስለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ በብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ሰውነትህ አደጋ የመጣ ሲመስለው አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ልብህ የሚፈጥነው ለጡንቻ ደም ለማድረስ ነው። አፍህ የሚደርቀው ደግሞ ምግብ የመፍጨት ሥራ በዚያ ሰዓት ስለሚቀዘቅዝ ነው።

“ሁሉም ያዩብኛል” ያልከው ግን ልክ አይደለም። ሳቪትስኪና ጊሎቪች የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ጥናት አሳትመው ነበር። ተናጋሪዎቹ “ፍርሃቴ ታይቶብኛል” ብለው የገመቱት፣ አድማጮቹ ካዩት ይበልጥ ነበር። ይህን አስቀድመው የተነገራቸው ደግሞ የተሻለ ተናገሩ። ስለዚህ “ይቅርታ፣ ፈርቼ ነው” ብለህ አትጀምር። ያላዩትን አንተ ራስህ ታሳያቸዋለህ።

ዋናው ሥራ ከቀኑ በፊት ነው። ጽሑፉን በዓይን ማንበብ ልምምድ አይባልም። ቆመህ፣ ድምፅህን አውጥተህ ተናገረው። መጀመሪያ ብቻህን። ቀጥሎ ቤት ቡና ሲፈላ፣ እናትህና ጎረቤቶች ፊት። ወሎ ውስጥ ከአቦል እስከ በረካ ታዳሚ አይጠፋም፤ እንደዚህ ያለ መለማመጃ የት ይገኛል? ትምህርቱ ባይገባቸውም ግድ የለም። አንተ የምትፈልገው የሚያይህ ዓይን ነው። ከዚያ ለዶርም ጓደኞችህ፣ ከተቻለም በምታቀርብበት ክፍል ውስጥ። ሙሉውን አትሸምድደው፤ አንድ ቃል ሲጠፋህ ሌላውም አብሮ ይጠፋል። መክፈቻህን ብቻ በቃል ያዝ፣ ቀሪውን በነጥብ ጻፈው። ልትገባ ስትል ትንፋሽህን ከሳብክበት ረዘም አድርገህ አስወጣው። የልብን ምት የሚያረጋጋው ማስወጣቱ ነው። ውሃም ያዝ።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ላይ በጓደኛዬ ሠርግ ሚዜ ነኝ፤ ንግግር አድርግ ተብያለሁ። ልጆቹ “ትንሽ ቃም፣ ምላስህ ይፈታል” ይሉኛል።

መልስ፦ አትሞክረው። ጫት ራሱ ልብ ያፈጥናል፣ አፍም ያደርቃል። የምትሸሸውን ነው የምትጨምረው። ሙሽራውን የት እንዳወቅከው ተናገር፣ አንድ ያደረገልህን ነገር አንሳ። ምርቃቱን ለአባቶች ተውላቸውና ቁጭ በል።

ጥያቄ፦ ልብ የሚያረጋጋ ኪኒን አለ ይባላል። ልግዛ?

መልስ፦ ፕሮፕራኖሎል ለማለት ነው። የልብ ምትና መንቀጥቀጥ ይቀንሳል። አስም ላለበት ሰው ግን አደገኛ ነው። ያለ ሐኪም አይወሰድም።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። የቅሬያችን (የዕድራችን) ስብሰባ ላይ ሐሳብ አለኝ፤ ግን እጄን አወጣና እመልሰዋለሁ። አንድ ጊዜ ስናገር “ቁጭ በይ፣ ጊዜ የለንም” ተባልኩ።

መልስ፦ እህቴ፣ እንዲህ የተባለ ሰው ቢፈራ ምን ይገርማል? ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። እንደ ማንም ታዋጫለሽ፣ ለቅሶ ቤት ትደክሚያለሽ፤ መናገርም መብትሽ ነው። ከስብሰባው በፊት ሰብሳቢውን አግኚና ጉዳይሽን አጀንዳ ውስጥ ያስገቡልሽ። አንዲት ጎረቤት አጠገብሽ ትቀመጥና ሲያቋርጡሽ “ትጨርስ” ትበል። ስትነሺ የምትፈልጊውን አስቀድሚ፤ ምክንያቱን ከዚያ አስከትይ። ከተቋረጥሽ “አልጨረስኩም” በይና በዚያው ድምፅ ቀጥዪ። ስብሰባ የምትመሩ አባቶችም አደራ፦ ሴቶች እጅ ሲያወጡ አትለፏቸው።

ጥያቄ፦ ወልድያ ነኝ። ልጄ ትንተባተባለች። ክፍል ውስጥ አንብቢ ስትባል ታለቅሳለች። ፍርሃት ነው?

መልስ፦ አባቴ፣ መንተባተብን ፍርሃት አያመጣውም፤ ሊያባብሰው ግን ይችላል። “ረጋ በይ” አይበሏት፣ ቃሉንም አይጨርሱላት። ዓይኗን እያዩ ይጠብቋት። መምህሯን ያነጋግሩና ለጊዜው ከሌላ ልጅ ጋር እኩል ድምፅ አውጥታ ታንብብ፤ ብዙ የሚንተባተቡ ሰዎች አብረው ሲያነቡ ይቀላቸዋል። የንግግር ሕክምና ባለሙያ ማግኘት ከቻሉ ደግሞ ሳይቆዩ ይውሰዷት።