ቴክሳስ ውስጥ በሰው ቤት የሚደረግ የካርታ ጨዋታና ትንንሽ ውርርድ፦ ለጠያቂው ወንድማችን

ወንድሜ፣ ሌሎችም እንዲከታተሉ ጥያቄህን ላሳጥረው። ጋርላንድ ውስጥ ቅዳሜ ማታ ስድስት ሰባት ሆናችሁ አንድ ጓደኛችሁ አፓርትመንት ኮንከር ትጫወታላችሁ፤ መደቡ 5 ዶላር ነው። ባለቤቱ ከየጨዋታው 2 ዶላር "ለምግብ" ያነሳል። ቤቱ ስለጠበበ ወደ አንድ ካፌ ልትዛወሩ አስባችኋል። በዚያ ላይ በፕሪሚየር ሊግ ትወራረዳላችሁ፣ ሁሉንም የሚመዘግበው አንድ ሰው ነው። አንተ ግሪን ካርድ አለህ። "ብሩ ትንሽ ስለሆነ ችግር የለውም አይደል?" ብለህ ጠይቀሃል።

የብሩ ማነስ አያድናችሁም። የቴክሳስ የወንጀል ሕግ ምዕራፍ 47 "ከዚህ በታች ከሆነ ይፈቀዳል" የሚል የገንዘብ መጠን የለውም፤ 1 ዶላርም 1,000 ዶላርም ውርርድ ነው። የሚያድናችሁ በአንቀጽ 47.02 ላይ ያለው መከላከያ፣ ማለትም ክስ ቢመጣ ነፃ የሚያወጣ ሕጋዊ ምክንያት ነው። እሱም ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ጨዋታው በግል ቦታ መሆኑን፣ ማንም ሰው ተጫውቶ ካሸነፈው ሌላ ጥቅም አለማግኘቱን፣ እንዲሁም በችሎታና በዕድል ከሚመጣው ልዩነት በቀር የሁሉም ተጫዋች የማሸነፍና የመሸነፍ ዕድል እኩል መሆኑን። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መከላከያው በሙሉ ይወድቃል።

እናንተ የምትወድቁት ሁለተኛው ላይ ነው። ሕጉ የሚለው "ባለቤቱ ጥቅም ካላገኘ" ሳይሆን "ማንም ሰው ካላገኘ" ነው። ስለዚህ ያቺ 2 ዶላር የባለቤቱ ጣጣ ብቻ አይደለችም፤ ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጣችሁትን ሁሉ መከላከያ አልባ ታደርጋለች። የእናንተ ጥፋት ክላስ ሲ ይባላል፣ ቅጣቱ እስከ 500 ዶላር ነው። የባለቤቱ ግን ከቁማር ቦታ ገቢ መካፈል ወይም የቁማር ቦታ መያዝ ይሆናል። ይህ ክላስ ኤ ነው፦ እስከ አንድ ዓመት እስርና እስከ 4,000 ዶላር። ከዚህም ሌላ የማስረዳት ሸክሙ ይለያያል። ተጫዋቹ መከላከያውን የሚደግፍ ማስረጃ ካቀረበ፣ ያንን ከጥርጣሬ በላይ ማፍረስ የዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው። የቁማር ቦታ በመያዝ የተከሰሰ ባለቤት ግን ሦስቱም መሟላታቸውን ራሱ ማስረዳት አለበት።

አሸናፊው ለባለቤቱ የሚሰጣት ጉርሻም ያው ናት። በባህላችን ደግ ነገር ነው፣ እዚህ ግን ከጨዋታው የተገኘ ጥቅም ተደርጋ ልትቆጠር ትችላለች። የመግቢያ ክፍያ፣ የወንበር ሒሳብ፣ ለካርታ አዳይ የሚሰጥ ቲፕ፣ ቢራ በትርፍ መሸጥ (እሱ ደግሞ ያለ ፈቃድ ሌላ ጥፋት ነው) ሁሉም አንድ ናቸው። ለምግብ የተሻለው መንገድ እያንዳንዱ ሰው የሚበላ ይዞ መምጣቱ ነው። ካዋጣችሁም ካርታ ሳይነሳ፣ ከመደቡ ተለይቶ፣ ደረሰኙ ላይ ባለው ልክ ይሁን፤ ባለቤቱ እጅ አንድ ዶላር እንኳ አይትረፍ።

ካፌውን እርሳው። ሕጉ "የግል ቦታ" ሲል ሕዝብ የማይገባበት ማለቱ ነው፤ ሬስቶራንትን፣ መጠጥ ቤትንና ሱቅን ደግሞ በስም ጠቅሶ አውጥቷቸዋል። "ከተዘጋ በኋላ በጓዳ በኩል" ማለት አያዋጣም። ለካፌው ባለቤትም አታስቡለትም ማለት ነው፤ የመጠጥ ፈቃድ ካለው እሱም አደጋ ላይ ይወድቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ እዚህ ጋ ነው፦ የአፓርትመንት የጋራ ቦታዎችም የግል ቦታ አይደሉም። ክለብ ሃውሱ፣ የመዋኛው ዳር፣ ኮሪደሩ አይቆጠሩም። የጓደኛችሁ ሳሎን ግን ይቆጠራል፤ በፌስቡክ "የፈለገ ይምጣ" ብላችሁ እስካልለጠፋችሁ ድረስ።

በእኩል ዕድል በኩል ኮንከር ችግር የለበትም። ሃያ አንድ ስትጫወቱ ግን አንድ ሰው ሁልጊዜ ባንክ ከሆነ ብልጫው የእሱ ነው። ባንኩ በየተራ ይዙር።

ወደ ኳሱ ልምጣ፣ ከካርታው ይልቅ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ሁለት ጓደኛሞች ሶፋ ላይ ተቀምጠው 20 ዶላር ቢወራረዱ ያው የ47.02 መከላከያ ይሠራላቸዋል። መዝጋቢያችሁ ግን ሌላ ምድብ ውስጥ ነው። በ24 ሰዓት ከአምስት በላይ ውርርድ ተቀብሎ የመዘገበ ወይም ያስተላለፈ፣ ወይም ድምሩ ከ1,000 ዶላር ያለፈ፣ በሕጉ ቃል "ቡክሜኪንግ" ነው። ሦስት ሰው ተባብሮ አንድ ውርርድ እንኳ ቢቀበልና ቢመዘግብ ያው ነው። ይህ ክላስ ኤ ነው፣ ኮሚሽን አለመውሰዱም ከትርጉሙ አያወጣውም። ሰባት ሰው ቅዳሜ ጠዋት ውርርዱን ቢልክለት ቁጥሩ አለፈ ማለት ነው። ምዝገባው ይቅር።

ከረንቡላና ፑል ለሚወዱ አንድ መልካም ነገር አለ፦ በእውነተኛ የችሎታ ውድድር ላይ ለተወዳዳሪዎቹ ለራሳቸው የሚሰጥ ሽልማት ውርርድ አይባልም። ዳር ቆሞ የሚወራረድ ተመልካች ግን ውርርድ ነው ያደረገው። ካርታም ዕድል ስላለበት እዚህ ውስጥ አይገባም።

አሁን ግሪን ካርድህ። በኢሚግሬሽን ሕጉ፣ ዜግነት ስትጠይቅ በሚታየው ጊዜ ውስጥ (በአብዛኛው 5 ዓመት፣ በአሜሪካዊ ባል ወይም ሚስት በኩል ከሆነ 3) በፈጸመው የቁማር ጥፋት ሁለት ጊዜ የተፈረደበት ሰው መልካም ጠባይ የለውም ተብሎ ይከለከላል። ዋና ገቢው ሕገወጥ ቁማር የሆነም እንዲሁ። የዜግነት ማመልከቻው፣ ቅጽ ኤን-400 (N-400)፣ ስለ ሕገወጥ ቁማር በቀጥታ ይጠይቃል፤ መሐላ ስላለበት የምትመልሰው እውነት መሆን አለበት። ቲኬት ከደረሰህ "500 ዶላር አይሞላም" ብለህ በፖስታ ልከህ እንዳትገላገል፤ የክላስ ሲ ቅጣት እንዲያ መክፈል ጥፋተኛ እንደተባልክ ይቆጠራል። "ዲፈርድ ዲስፖዚሽን" የተባለውም (ፍርዱ ዘግይቶ፣ የታዘዝከውን ከፈጸምክ ክሱ የሚሰረዝበት መንገድ) ለስቴቱ መዝገብ ይጠቅም ይሆናል፤ ለኢሚግሬሽን ግን ጥፋቱን ካመንክና የታዘዘብህ ነገር ካለ እንደ ፍርድ ሊታይ ይችላል። አንድም ሳንቲም ሳትከፍል የኢሚግሬሽን ጠበቃ አነጋግር።

የተበላ ብር ያልከፈለህ ጓደኛህን መክሰስ ለጠየቅኸው፦ የቴክሳስ ፍርድ ቤቶች የቁማር ዕዳ አያስከፍሉም። መደቡ ካርታ ከመታደሉ በፊት ጥሬውን ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ በዱቤ አትጫወቱ።