የተገጠመልኝ ካምቢዮ እንደገና ከተበላሸ ማን ይጠየቃል?

ጥያቄ፦ የ2004 ሞዴል ኮሮላ አለኝ። ካዛንቺስ ያለ ጋራዥ «አውቶማቲክ ካምቢዮው ሞቷል» ብሎ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ገዝቶ ገጠመልኝ። ወር ሳይሞላ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይሄድም። ባለጋራዡ «ያገለገለ ዕቃ ዋስትና የለውም» ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ካምቢዮውን ማንም እንዳይፈታው። አንዴ ከተፈታ ነገሩ ሁሉ «አለ፣ አላለም» ይሆናል። ሌላ ባለሙያ ዘንድ ይውሰዱትና ያስመርምሩት። የካምቢዮ ዘይቱ ልክ ነው? ጠቁሯል? የተቃጠለ ይሸታል? በኮምፒውተር ሲታይ ምን ኮድ ያወጣል? መልሱን በጽሑፍ፣ ከቀንና ከማኅተም ጋር ይቀበሉ። ዘይቱ ጎድሎ ከተገኘ ጣት የሚቀሰረው ገጣሚው ላይ ነው። ዘይቱ ልክ ሆኖ ውስጡ ከተበላ ዕቃው ሲገዛም ደህና አልነበረም ማለት ይቻላል። ችግሩ የገመድ ወይም የሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ የካምቢዮ ዘይት መቆጣጠሪያ) ከሆነ ደግሞ መጀመሪያውኑ ካምቢዮ መቀየር ነበረበት ወይ ብለው ይጠይቁ። አሮጌውን ካምቢዮ ጋራዡ አስቀርቶት ከሆነ ዛሬውኑ ይጠይቁት፤ ካልሰጡት በስተቀር የእርስዎ ንብረት ነው፣ ማስረጃም ነው።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2610 መሠረት እንዲህ ያለ ሥራ የተቀበለ ሰው ቃል የሚገባው ውጤት ነው፤ ኃላፊነቱም የራሱ ነው። ዕቃውን እሱ ገዝቶ ከገጠመ ውልዎ ከእሱ ጋር ነው። «የሸጠልኝን ጠይቁ» ብሎ ሊሸኝዎ አይገባም። ያገለገለ ዕቃ እንደ አዲስ ባይቆጠርም መኪናውን ማንቀሳቀስ አለበት። ዋስትና እንደሌለው ተስማምተው ፈርመው ከሆነ ግን ክርክሩ ይከብዳል፤ ጉድለቱን እያወቀ ደብቆ ከሆነ ያ ስምምነት አያድነውም። ካምቢዮውን የገዙት ራስዎ ቢሆኑ ኖሮ ስለ ዕቃው የሚጠየቀው ሻጩ ነበር፤ ጉድለቱንም ሳይዘገዩ ማሳወቅ ነበረብዎ።

አሁን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይስጡት፤ የዚሁ ሕግ ቁጥር 1772 ይህን ይፈልጋል። ጉድለቱን ይግለጹ፣ እንዲያስተካክል ወይም ገንዘቡን እንዲመልስ በቂ ቀን ይስጡት። ቅጂው ላይ ያስፈርሙት። እምቢ ካለ ቸርችል ጎዳና ካለው ዋና ፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩት። ቀኑ ካለፈ ክሱን ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ያቀርባሉ። ደረሰኝ ካልሰጠዎት የከፈሉበትን የባንክ ወይም የቴሌብር ማስረጃ ከአሁኑ አትመው ይያዙ።