ጠዋት ክብ፣ ከሰዓት ካሬ

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ከሳይንስ ክበብ ተማሪዎቼ ጋር በፓይተንና በኦፕንሲቪ (ኮምፒውተር ምስል እንዲያነብ የሚያደርጉ ዝግጁ ኮዶች ስብስብ) አንድ ፕሮግራም ሠርተናል። ዌብካም ፊት ካርድ ስናቆም «ክብ»፣ «ሦስት ማዕዘን» ወይም «ካሬ» ይላል። ካርዶቹ ነጭ ላይ ጥቁር ቅርጽ ያለባቸው ናቸው፤ እንዳይቀደዱ ላሚኔት አስደርገናቸዋል። ትሬሾልዱን፣ ማለትም ጥቁርና ነጭ የሚለይበትን የብሩህነት ድንበር፣ 127 አድርገነዋል። ጠዋት ጥሩ ይሠራል። ከሰዓት በኋላ ግን ሁሉንም ካሬ ይላል። 90ም 150ም ሞከርን፣ ለውጥ የለም። ትክክለኛው ቁጥር ስንት ነው?

መልስ፦ መምህር፣ ቁጥር ፍለጋውን ለጊዜው ይተዉት። በገለጹልኝ ሁኔታ ከሰዓት በኋላ የሚሠራ አንድ ቁጥር ላይኖር ይችላል። ለምን እንደሆነ ላሳይዎ።

ሐይቁ ከከተማችን በስተምዕራብ ነው። ከሰዓት ፀሐይ ወደዚያ ስታዘቀዝቅ በመስኮት ገደድ ብላ ትገባና ጠረጴዛውን ለሁለት ትከፍለዋለች። የእኔም ጠረጴዛ እንዲሁ ነው። ካርዱ ግማሹ ፀሐይ፣ ግማሹ ጥላ ላይ ቆመ እንበል። ብሩህነት ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) ይለካል። ፀሐይ ያረፈበት ወረቀት 240፣ እዚያው ያለው ጥቁር ቀለም ላሚኔቱ እያብለጨለጨበት 110 ሊሆን ይችላል። በጥላው በኩል ወረቀቱ 95፣ ቀለሙ 30። ልብ ይበሉ፤ ጥላ ውስጥ ያለው ነጭ ፀሐይ ላይ ካለው ጥቁር ይጨልማል! 127 ካደረጉ የጥላው ወረቀት ጥቁር ይባላል። 90 ካደረጉ ፀሐይ ላይ ያለው የቅርጹ ግማሽ ይጠፋል። 150 ደግሞ ከ127 የተሻለ ነገር አያመጣም።

ሁሉንም ካሬ የሚለውም ከዚሁ የተነሣ ይመስለኛል። ጥቁር የተባለው ጥላ ከቅርጹ ጋር ተዋህዶ እስከ ምስሉ ጠርዝ ይደርሳል። ፕሮግራማችሁ ትልቁን ነገር መርጦ ማዕዘን ሲቆጥር አራት ያገኛል። ለማረጋገጥ ቀላል ነው፤ የመጨረሻውን መልስ ትታችሁ ጥቁርና ነጭ የሆነውን ምስል ራሱን ስክሪን ላይ አውጡት። ይህን ሳያዩ ቁጥር መቀያየር በጨለማ መዳከር ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ብርሃኑን ያስተካክሉ። መጋረጃ ይጋረድ፣ ወይም ጠረጴዛው ከመስኮቱ ይራቅ። ላሚኔቱን ደግሞ ብትተዉት እመርጣለሁ። ነጸብራቁ ጥቁሩ ላይ ነጭ ሰረዝ ይጥላል፣ ክቡም ጠርዙ ላይ የተገመጠ ድፎ ዳቦ ይመስላል። ይህን የትኛውም ትሬሾልድ አይጠግነውም። የማያብለጨልጭ ወፍራም ወረቀት ይበቃል።

ቀጥሎ ካሜራው። ዌብካም ብርሃኑን በራሱ ያስተካክላል። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ተማሪ ጠጋ ሲል ምስሉን በሙሉ ያጨልመዋል፣ ዞር ሲል ይመልሰዋል። ስለዚህ አውቶ ኤክስፖዠሩን አጥፉት። እሺ የማይል ካሜራም አለ። አምፖል የምታበሩ ከሆነ ደግሞ ምስሉ ላይ የሚንሸራተት ጥላ ታዩ ይሆናል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ የካሜራው ማስተካከያ 60 ላይ ከሆነ ወደ 50 መልሱት።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ብርሃኑ እኩል ከሆነ ራሱ ምስሉ ይንገራችሁ። የጃፓኑ ኖቡዩኪ ኦትሱ በ1979 ያሳተመው ዘዴ ለዚህ ነው፤ ኦፕንሲቪ ውስጥም አለ። እያንዳንዱን ቁጥር እየሞከረ ጥቁሩንና ነጩን ከሁሉ አብልጦ የሚያራርቀውን ይመርጣል። በየምስሉ ስለሚሰላ ደመና ሲመጣ ቁጥሩም አብሮ ይወርዳል። ግን ቅርጹ በምስሉ ውስጥ በጣም ትንሽ ከሆነ ይስታል፣ ስለዚህ ካርዱን ወደ ካሜራው አስጠጉት። ተማሪዎቹ የብሩህነቱን ሂስቶግራም (በየብሩህነቱ ስንት ነጥብ እንዳለ የሚያሳይ ግራፍ) ቢስሉ ደስ ይለኛል። ሁለት ጉብታ ይታያቸዋል፣ ቁጥሩም መሀል ካለው ሸለቆ አካባቢ ይወድቃል።

ጥላውን ማስወገድ ካልተቻለ አዳፕቲቭ ትሬሾልድ አለ። እያንዳንዱን ፒክስል (የምስሉን ነጥብ) ከጎረቤቶቹ አማካይ ጋር ያነጻጽራል፣ ስለዚህ ያ 95 እና 110 አይጋጩም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት አንድ ነገር አለ። የጎረቤቱ ስፋት መማሪያዎች ላይ ብዙ ጊዜ 11 ተብሎ ይጻፋል። ቅርጻችሁ 150 ፒክስል ከሆነ ግን መሀሉ ያለው ፒክስል ዙሪያው ሁሉ እንደሱው ጥቁር ነው። የሚለይበት ስለሌለው ነጭ ይባላል፣ ቅርጹ ባዶ ቀለበት ሆኖ ይቀራል። ስፋቱን ከቅርጹ አስበልጡት፣ ለምሳሌ 301። ጎዶሎ ቁጥር መሆን አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። የቅርጹን ዙሪያ መስመር የሚያወጣው ኮንቱር ፈላጊ ነጭ ነገር በጥቁር ላይ ነው የሚፈልገው። ካርዳችሁ የተገላቢጦሽ ስለሆነ ምስሉን መገልበጥ አትርሱ።

ጥቁርና ነጩ ምስል ንጹሕ ሆኖም ስህተት ካለ፣ ችግሩ ማዕዘን አቆጣጠሩ ላይ ነው። ማዕዘን ከመቆጠሩ በፊት የዙሪያውን መስመር የሚያቃናውን የማለስለሻ መጠን ከዙሪያው 2 እስከ 4 በመቶ አድርጉት። ክቡን ለመለየት ደግሞ የቅርጹን የቦታ ስፋት በ4 ፓይ አባዝታችሁ፣ የዙሪያው ርዝመት በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር አካፍሉት። ክብ ወደ 1 ይጠጋል፣ ካሬ 0.785 አካባቢ ነው፣ ጎኖቹ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን 0.6 አካባቢ።