አሸዋውን ማንበብ፦ የባሕር ኤሊን ለመጠበቅ ባሕር ማዶ መሄድ ለሚሹ የተሰጡ መልሶች

በባሕር ዳርቻ የኤሊ ጥበቃ ላይ በበጎ ፈቃደኝነት ለመሥራት ወደ ሌላ አገር መሄድ የሚፈልጉ አንባቢዎች ብዙ ጥያቄዎች ልከውልናል። ተቀራራቢዎቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። ወራቱንና ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር የጻፍነው ምዝገባው የሚካሄደው በዚያ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ጉልበቴን በነጻ እየሰጠሁ ለምን ገንዘብ ክፈል እባላለሁ? ማጭበርበር አይደለም ወይ?

ክፍያው ብቻውን ማጭበርበር አይደለም። ኤሊ የሚወጣባቸው ዳርቻዎች አብዛኞቹ ከከተማ የራቁ ናቸው፤ ምግቡ፣ ማደሪያው፣ ጀልባው፣ የሥልጠናው ጊዜ ሁሉ ወጪ አለው። ማጣራት ያለብዎት ገንዘቡ የት እንደሚደርስ ነው። ከመክፈልዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ከክፍያው ምን ያህሉ ለመስክ ሥራ ይውላል? ከአገሩ መንግሥት የተሰጠ ፈቃድ አለ? ባለፈው ወቅት ስንት ጎጆ (ኤሊ እንቁላል የጣለችበት ጉድጓድ) ተመዘገበ፣ መረጃውስ ለማን ተላከ? ከአካባቢው ሰው በደመወዝ የተቀጠረ አለ? እኛ ለዚህ ለመጨረሻው ትልቅ ቦታ እንሰጠዋለን። በጎ ፈቃደኛ ወቅቱ ሲያልቅ ይሄዳል፤ ዳርቻው ላይ የሚቀረው የመንደሩ ሰው ነው፤ ከጥበቃው እንጀራ ካላገኘ እንቁላሉን መሸጡ አይቀርም።

ማስታወቂያው ላይ ሰው ኤሊ ላይ ተቀምጦ፣ ጫጩት በመዳፉ ይዞ ወይም በፍላሽ ፎቶ ሲያነሳ ካዩ ይለፉት። ጥሩ ፕሮጀክት እንስሳዋን ካላስፈለገ በቀር የማይነካ ነው።

ጥያቄ፦ የት ልሂድ? መቼ?

በኮስታ ሪካ የካሪቢያን ዳርቻ፣ ቶርቱጌሮ ላይ፣ አረንጓዴ ኤሊዎች በብዛት የሚወጡት ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ አርቺ ካር በ1950ዎቹ የጀመረው ክትትል እስከ ዛሬ ስላልተቋረጠ ሥራውን በሥርዓቱ ለመማር የሚመች ቦታ ነው። በግሪክ ዛኪንቶስ ደሴት፣ ላጋናስ ባሕረ ሰላጤ፣ ሎገርሄድ የሚባለው ዝርያ ከጁን እስከ ኦገስት እንቁላል ይጥላል፤ መፈልፈሉ እስከ ኦክቶበር ይዘልቃል። እዚያ ዳርቻው የመዝናኛም ስለሆነ ጎብኚዎችን ማስረዳት የሥራው ትልቅ ክፍል ነው። በኬፕ ቨርዴ፣ ቦአ ቪስታን በመሰሉ ደሴቶች፣ ሎገርሄድ ከጁን እስከ ኦክቶበር ይወጣል። እንቁላል መጣሉንም መፈልፈሉንም በአንድ ጉዞ ማየት ከፈለጉ ኦገስትን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ የሌሊት ቅኝቱ ላይ በትክክል የምሠራው ምንድን ነው?

ይራመዳሉ፣ ያያሉ፣ ይመዘግባሉ። ቡድኑ ያለ መብራት በለስላሳ አሸዋ ላይ ለሰዓታት ይጓዛል፤ ዓይን ከጨለማው ጋር እስኪለማመድ ከሩብ ሰዓት በላይ ይፈጃል። መጀመሪያ የሚታየው ኤሊዋ ሳትሆን ዱካዋ ነው። የግራና የቀኝ መቅዘፊያ እግሮች ምልክት ጎን ለጎን ከሆነ አረንጓዴ ኤሊ ወይም ሌዘርባክ የሚባለው ዝርያ ነች፤ ሁለቱ ሰውነታቸውን የሚገፉት ሁለቱን እግር አንድ ላይ እየወረወሩ ነው። ምልክቱ እንደ ሰው እርምጃ ከተፈራረቀ ሎገርሄድ ወይም ሆክስቢልና ኦሊቭ ሪድሊ ከሚባሉት ዝርያዎች አንዷ ነች። የዱካው ስፋት ከአንድ ሜትር ተኩል ካለፈ ሌዘርባክ ለመሆኗ ብዙ አያጠራጥርም። አንድ ዱካ ብቻ ካለ ኤሊዋ ገና አልተመለሰችም ማለት ስለሆነ ባሉበት ይቁሙ።

ብዙ አዲስ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስትወጣና ስትቆፍር ትንሽ ብርሃን ወይም እንቅስቃሴ ካየች ሳትጥል ወደ ባሕር ትመለሳለች። የቡድኑ መሪ ብቻ ከኋላዋ ተጎንብሶ ይቀርባል፤ ሌላው ዝቅ ብሎ ይጠብቃል። እንቁላሉ መውረድ ከጀመረ በኋላ ግን በቀላሉ አትደነግጥም፤ ቆጠራውም ልኬቱም ያኔ ይጀመራል። አንዱ ጓንት አድርጎ በእጅ መቁጠሪያ እንቁላሉን ይቆጥራል፤ በብዙዎቹ ዝርያዎች ከመቶ አካባቢ አይርቅም። ሌላው የጀርባ ቅርፊቷን በተጣጣፊ ሜትር፣ ከአንገቷ በላይ ካለው ጎድጎድ አንስቶ እስከ ኋላ ጫፍ፣ ይለካል። ሜትሩ ሥር አሸዋ ወይም የተጣበቀ ቅርፊት ያለው ትንሽ የባሕር እንስሳ ከቀረ ልኬቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ ቅርፊቱ ይጠረጋል፣ ልኬቱም ይደገማል።

አዲስ መለያ ብረት (መቅዘፊያ እግሯ ላይ የሚሰካ ቁጥር ያለው ብረት) ከመምታት በፊት አሮጌው ይፈለጋል፤ የወደቀ መለያ የተወው ቀዳዳ ወይም ጠባሳም ይመዘገባል። ቁጥሩን አንዱ ያነብባል፣ የጻፈው መልሶ ጮክ ብሎ ያነብባል። አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ያቺ ኤሊ በመዝገብ ላይ ሌላ ኤሊ ትሆናለች፤ የዓመታት ክትትል የሚበላሸው በዚህ ነው። መለያውን የሚመታው የሠለጠነ ሰው ነው፤ ለእርስዎ ካልተሰጠ ቅር አይበልዎት።

ጥያቄ፦ አንዳንድ እንቁላል ወደ ተከለለ ቦታ ይወሰዳል፣ አንዳንዱ ይተዋል። ለምን?

ጎጆው ባለበት የሚድን ከሆነ መተው ይሻላል። የሚዛወረው ማዕበል የሚደርስበት ከሆነ፣ ዳርቻው እየተሸረሸረ ከሆነ ወይም ሌባ እንደሚያገኘው ከታወቀ ነው። ችግሩ ውሻ ብቻ ከሆነ ጫጩት የሚያሳልፍ ሰፊ ቀዳዳ ያለው የሽቦ መረብ ጎጆው ላይ መዘርጋት ይበቃል።

ማዛወር የሰዓታት ሽሚያ ነው። እንቁላሉ ከተጣለ ጥቂት ሰዓታት በኋላ ሽሉ ከላይኛው የውስጥ ሽፋን ጋር ይጣበቃል። ከዚያ ወዲህ እንቁላሉ ቢገለበጥ ሽሉ ይላቀቅና ይሞታል፤ ከውጭ ግን ምንም አይታይም፣ ጥፋቱ የሚታወቀው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ስለዚህ ብዙ ፕሮጀክቶች ከ6 ሰዓት በላይ የቆየ ጎጆ አያዛውሩም። ከረጢቱ ከታች ተደግፎ፣ ሳይወዛወዝ ይወሰዳል።

አዲሱ ጉድጓድ የእናቲቱን መምሰል አለበት፦ አንገቱ ጠበብ፣ ታችኛው ክፍል ሰፋ ያለ። ጥልቀቱ ለሎገርሄድ ግማሽ ሜትር ገደማ፣ ለሌዘርባክ ከ70 ሳንቲ ሜትር በላይ ነው። መጀመሪያ እርጥብ አሸዋ ይመለሳል፣ ደረቁ ከላይ ይሆናል፤ ደረቅ አሸዋ ገብቶ በእንቁላሎቹ መካከል ያለውን አየር ከሞላ ሽሎቹ ይታፈናሉ። ጎጆዎቹ አንድ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ያለፈው ወቅት አሸዋ ሻጋታና የበሰበሰ ቅሪት ስለሚይዝ ይለወጣል።

ሙቀቱንም ይከታተሉ። ወደ 29 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ከሆነ ወንድም ሴትም ይፈለፈላሉ፤ ከዚያ በላይ ሴት ይበዛል፣ በታች ወንድ። በጣም ከጋለ ሽሉ ይሞታል። ጥላ መዘርጋቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ያለ ቴርሞሜትር የተዘረጋ ጥላ ሳይታወቅ የጫጩቶቹን ጾታ ያዛባል።

ጥያቄ፦ ጫጩቶቹን ተሸክሜ ባሕር ውስጥ ብለቃቸው አይረዳቸውም?

አይረዳቸውም፤ በአሸዋው ላይ ራሳቸው ይሂዱ። ከእንቁላሉ አስኳል የተረፈው ጉልበት ወደ ጥልቁ የሚዋኙበት ስንቃቸው ነው። ጎብኚ እስኪመጣ ባልዲ ውስጥ የቆዩ ጫጩቶች ይህን ስንቅ እዚያው ይጨርሱታል። የእርስዎ ሥራ መንገዳቸው ላይ ያለውን የእግር ዱካ መደልደል፣ የአሸዋ ቤት ማፍረስና መብራት ማስጠፋት ነው። ጫጩት ወደ ብሩሁ አድማስ ስለሚሄድ የሆቴል መብራት ወደ መንገድ ይስበዋል።

ጥያቄ፦ ምን ልያዝ? ምን ወረቀት ያስፈልገኛል?

ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ረጅም እጅጌና ሱሪ፣ ዝናብ ልብስ፣ አሸዋ የማያስገባ ጫማ፣ በራሱ ቀይ የሚያበራ የግንባር ባትሪ ይያዙ። የትንኝ መከላከያ ቅባት እጅ ላይ አይቀቡ፤ እንቁላል ሊነኩ ይችላሉና።

የቱሪስት ቪዛ ያለ ደመወዝ መሥራትን የማይፈቅድባቸው አገሮች ስላሉ የጥሪ ደብዳቤውን አያይዘው ኤምባሲውን በጽሑፍ ይጠይቁ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ሕጋዊ የሚሆነው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከ2016 ወዲህ ደግሞ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ኢንሹራንስዎ ከሩቅ ቦታ ወደ ሆስፒታል ማጓጓዝን ይሸፍን። ከዳርቻ ያገኙትን የኤሊ ቅርፊት ይዘው አይመለሱ፤ የባሕር ኤሊዎች ሁሉ ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት አባሪ 1 ላይ ስላሉ ጉምሩክ ላይ ያስጠይቃል።

ጥያቄ፦ ባዮሎጂ አልተማርኩም። የማይረባ ሰው እሆን ይሆን?

በፍጹም። ትዕግሥትና ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ካለዎት የሚፈለጉ ሰው ነዎት፤ በተለይ ጎጆ ሲቆፈር። ጫጩቶቹ ወጥተው ሁለት ሦስት ቀን ካለፈ በኋላ ጎጆው በጓንት ይከፈትና ያለው ሁሉ ይለያል፦ ባዶ ቅርፊት፣ ያልተፈለፈለ፣ ውስጥ የሞተ፣ በሕይወት የቀረ። ከግማሽ በላይ የሆነ ቅርፊት እንደ አንድ ይቆጠራል፤ ስብርባሪው አይቆጠርም፣ ከተቆጠረ የተፈለፈሉት ቁጥር ያለ አግባብ ያድጋል። ሽታው ከባድ ስለሆነ ነፋሱን ከኋላ አድርገው ይቀመጡ። ምንም ምልክት ሳይታይ 70 ቀን ያለፈው ጎጆም ይከፈታል፤ ያኔ ያልተፈለፈለው አንድ በአንድ ተቀድዶ ሽሉ በምን ደረጃ ላይ እንደቆመ ይጻፋል፤ ውኃ ገብቶበት እንደሆነ ወይም ሲዛወር ተገልብጦ እንደሆነ የሚጠቁመው ይህ ነው።