አንገት ወደ ፊት ሲወጣ ሚዛን ለምን ይዛባል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን እንደተረዳሁት ማጅራትሽን ይይዝሻል፣ ሰዎች አንገትሽ ወደ ፊት ወጥቷል ይሉሻል፣ ቶሎ ዞር ስትዪ ደግሞ ትንገዳገጃለሽ። የጀርባ ማቅኛ ቀበቶ ልግዛ ወይ ብለሻል። እኔም ስክሪን ላይ አፍጥጬ የምውል ሰው ነኝ፤ ይሄው ችግር ፊዚዮቴራፒ ቤት አመላልሶኛል። ያየሁትን ልንገርሽ።

መንገዳገዱና ማጅራትሽ ሊያያዙ ይችላሉ። አንጎል ሚዛን የሚጠብቀው ከዓይን፣ ከውስጠኛው ጆሮ፣ ከእግርና ከአንገት የሚደርሰውን መረጃ አገናኝቶ ነው። ውስጠኛው ጆሮ ጭንቅላት መንቀሳቀሱን ይናገራል። ግን የዞረው ጭንቅላት ብቻ ነው ወይስ መላው ሰውነት? እዚህ ላይ የአንገት ቃል ያስፈልጋል። ከራስ ቅል ሥር ማጅራት ላይ ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች የጡንቻን መሳብና ማጠር የሚለኩ ስሜት ተቀባዮች ታጭቀውባቸዋል።

አሁን ጭንቅላት ወደ ፊት ሲወጣ የሚሆነውን እዪ። የታችኛው አንገት ያጎነብሳል። ሰው ግን መሬት መሬት እያየ አይውልም። ቀና ብሎ ለማየት የላይኛውን አንገት ወደ ኋላ ይቀለብሰዋል። እነዚያ ትንንሽ ጡንቻዎች አጥረውና ተጨንቀው ይውላሉ፤ ለአንጎል የሚልኩት መረጃም ሊዛባና ከዓይንና ከጆሮ መረጃ ጋር ላይገጥም ይችላል፤ መንገዳገዱ ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ከጉሮሮ ጀርባ ያሉት ጥልቅ ጡንቻዎች ይሰንፋሉ፤ ሥራቸውን የአንገት ጎንና የትከሻ ትልልቅ ጡንቻዎች ይሸከሙታል። እነዚህ ጉልበት አላቸው እንጂ ለረቂቅ ሥራ አይሆኑም። ደግሞም አንገት ግራና ቀኝ ሲዞር ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከላይኞቹ ሁለት አከርካሪዎች መሐል ነው። እዚያ ሲደርቅ ሰው ከነደረቱ መዞር ይጀምራል።

እኔን ያሳመነኝ አንድ ምርመራ ነው። ሌዘር መብራት ግንባሬ ላይ ታሰረ፤ ከግድግዳው 90 ሴንቲሜትር ርቄ ተቀመጥኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ጭንቅላቴን ወደ ጎን አዙሬ ወደ ነበረበት መመለስ ነበረብኝ። እዚህ ርቀት ላይ ስህተቱ 7 ሴንቲሜትር አካባቢ ከደረሰ አንገት ያለበትን አቅጣጫ የማወቅ ስሜቱ መዛባቱን ይጠረጥራሉ። እኔ መሐሉ ላይ ነኝ ብዬ እምል ነበር። ዓይኔን ስገልጥ ነጥቡ ጎን ላይ ቁጭ ብሏል።

ስለዚህ ቀበቶው ይቅርብሽ ባይ ነኝ። ትከሻ ይጎትታል እንጂ አንገትን አያስተምርም። እኔን የጠቀመኝ በጀርባ ተኝቶ «አዎ» እንደሚል ሰው አገጭን በጣም በቀስታ ወደ ውስጥ መነቅነቅ ነው። 10 ሰከንድ ይዞ መልቀቅ፣ ከዚያ መድገም። የአንገትሽ ጎን ጅማት ከተገተረ ጉልበት አብዝተሻልና ቀንሺ። እሱ ሲለመድ ሥራው ወደ ቅንጅት ይሄዳል፦ ዓይንን አንድ ነጥብ ላይ ተክሎ ጭንቅላትን ቀስ ብሎ ማዞር፣ ግድግዳ ላይ የተሳለ መስመርን በሌዘሩ መከተል፣ በኋላም አንዱን እግር ከሌላው ፊት አስከትሎ ቆሞ ይህንኑ መሥራት። አሰልቺ ነው፤ አልዋሽሽም። ሲጀመር ትንሽ ያዞራል፤ ስለዚህ ግድግዳ ወይም ወንበር አጠገብሽ ይኑር።

እንግዲህ 27 ኪሎ አንገትሽ ላይ ተጭኗል የሚለውን ሥዕል አይተሽው ይሆናል። የአዋቂ ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ነው። 27 ኪሎ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ የኮምፒውተር ስሌት ነው፤ አንገት 60 ዲግሪ ሲያጎነብስ ማለት ነው፤ ሰው ላይ ተለክቶ አይደለም። አንገቱ ወደ ፊት ወጥቶ ምንም የማያመው ሰው ብዙ ነው። ቀኑን ሙሉ እንደ ወታደር ተገትሮ መቀመጥም ራሱ ያደክማል። ስክሪኑን ከፍ አድርጊ፣ ቶሎ ቶሎ አቀማመጥ ቀይሪ፣ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ሳታጣሪ አትጀምሪ። የሚያዞርሽ አልጋ ላይ ስትገላበጪ ከሆነና ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ የሚያልፍ ከሆነ መነሻው አንገት ሳይሆን የጆሮ ውስጥ ቅንጣቶች መንሸራተት ሊሆን ይችላል። እሱ ሌላ ሕክምና አለው፤ ሐኪም ጭንቅላትን በተለያየ አቅጣጫ እያዞረ ያስተካክለዋል። ማዞሩ አንድን ነገር ሁለት አድርጎ ከማየት፣ ከአንደበት መተሳሰር፣ ለመዋጥ ከመቸገር፣ ከአንድ ጎን መዛል ወይም ድንገት ከመጣ ኃይለኛ የራስ ወይም የአንገት ሕመም ጋር ከሆነ ግን መልመጃውን ተዪውና በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።